ታይዋኖች «ቻይናዊ አይደለንም» ማለት የጀመሩት መቼ ነው? የጅማ አንባቢዎች ጥያቄና መልሱ

በዚህ እትም ከጅማ የደረሱንን አራት ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገናቸዋል፣ ሁሉም ስለ ታይዋን ናቸውና። ዓመተ ምህረቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹም በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ሞባይልና ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሰሞኑን አንድ ማዘርቦርድ ፈትቼ ላዩ ላይ «ሜድ ኢን ታይዋን» የሚል አየሁና «ያው ቻይና ነው» ስል ቡና ሊጠጣ የገባ የኪቶ ፉርዲሳ ተማሪ «ኧረ ተው፣ እነሱ እኮ ቻይናዊ ነን አይሉም» አለኝ፣ ከዛ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ክርክር ገባ። አንዱ ቋንቋቸው አንድ ነው ይላል፣ አንዱ አሜሪካ ናት የለያየቻቸው ይላል፣ ሌላው ድሮም ሌላ ህዝብ ናቸው አለ። እውነቱ የቱ ነው? አባቶቻቸው ከቻይና መጥተው ከሆነ ልጆቹ መቼና ለምን «ታይዋናዊ ነን» አሉ?
ጠጋኙ፣ ከፈረንጅ አራዳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሱቅህ ውስጥ የተከራከሩት ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት ይዘዋል፣ ዋናውን ግን ማንም አላነሳውም። ታይዋናዊ የሚባለው ማንነት በደም የመጣ አይደለም፣ በቋንቋም አይደለም። ሰዉ እዛች ደሴት ላይ አብሮ ከደረሰበት ነገር ነው የመጣው፣ ያደረሰበት ደግሞ ፖለቲካ ነው፣ አብዛኛው ነገር የሆነውም ከ1895 ወዲህ ነው።

የድሮውን ቶሎ ልለፈው። የደሴቷ የመጀመሪያ ባለቤቶች ቻይናዊ አልነበሩም፣ ቋንቋቸው ከፊሊፒንስና ከማሌዥያ አልፎ ከኛዋ ከማዳጋስካር ቋንቋ ጋር የሚዛመድ ህዝቦች ናቸው፣ ዛሬ መንግስት እውቅና የሰጣቸው 16 ብሄረሰቦች አሉ። ሆላንዶች በ1624 መጥተው ደቡቡን ያዙ፣ ለሸንኮራና ለሩዝ እርሻ ጉልበት ሲፈልጉ ከፊት ለፊቱ ከፉጂያን ጠረፍ ቻይናዊ ገበሬ በብዛት መሻገር ጀመረ። በ1662 ጄንግ ቼንግጎንግ የሚባለው የጦር አለቃ ሆላንዶቹን አባረራቸው፣ በ1683 ደግሞ የቤጂንጉ የቺንግ መንግስት ደሴቷን ጠቀለላት። በዛን ጊዜ «ታይዋናዊ» ብሎ ራሱን የሚጠራ ሰው ብትፈልግ አታገኝም። ከጃንግጆውና ከቹዋንጆው የመጡ ሰዎች፣ ሁለቱም የፉጂያን ልጆች፣ ቋንቋቸውም የሚግባባ፣ በመሬትና በውሃ መንደር ለመንደር ይተላለቁ ነበር፣ ሃካ የሚባሉት ሌሎች ከቻይና የመጡ ሰዎች ደግሞ ከሁለቱም ጋር ይዋጉ ነበር። ሰው ማንነቱን የሚቆጥረው አያቱ በመጣበት ወረዳ ነው፣ በቃ።

ይሄን የቀየረው ጃፓን ነው። ቻይና በ1895 ጦርነት ተሸንፋ በሺሞኖሴኪ ውል ደሴቷን ለጃፓን አስረከበች፣ የደሴቷን ሰው ትስማማለህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም። የተወሰኑ ሰዎች የፎርሞሳ ሪፐብሊክ ብለው አውጀው ነበር (ፎርሞሳ አውሮፓውያን ለታይዋን የሰጧት የድሮ ስም ነው)፣ ፕሬዚዳንቱ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ጥሎ ሸሸ፣ ሪፐብሊኩም አምስት ወር ሳይሞላው ጠፋ። እኛ ጋ ጣልያን 5 ዓመት ብቻ ቆይቶ ጅማ ውስጥ ሳይቀር ቤቶቹ እስከዛሬ ቆመው ይታያሉ፣ እዛ ጃፓን የቆየው 50 ዓመት ነው። ባቡር ዘረጋ፣ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ ወረርሽኝ ተቆጣጠረ፣ ግን ሰዉን በሁለት ደረጃ ከፈለው፣ ከላይ ጃፓናዊ፣ ከታች የደሴቱ ሰው። ጃንግጆው ሁን ቹዋንጆው ለጃፓን ፖሊስ ልዩነት የለውም፣ ሁለታችሁም አንድ ደሞዝ አንድ ንቀት ነው የምታገኙት። እንደዛ እያለ ነው ሲተላለቁ የነበሩት ሰዎች እንደ አንድ ህዝብ መተያየት የጀመሩት።

በዛ ጊዜ ለደሴቱ ልጅ ክፍት የነበረው የተሻለ ሙያ ህክምና ነበር፣ ስለዚ የፖለቲካው መሪዎችም ብዙዎቹ ሀኪሞች ናቸው። ከነሱ አንዱ ቺያንግ ዌይሹይ በ1921 የታይዋን የባህል ማህበርን ከመሰረቱት ነው፣ በኋላም ታስሯል። በዛው ዓመት የራሳችን ምክር ቤት ይሰጠን ብለው ለቶኪዮ ፓርላማ አቤቱታ ማስገባት ጀመሩ፣ እስከ 1934 ድረስ 15 ጊዜ አስገቡ፣ 15ቱም ሳይፈቀድ ቀረ። እኔ ይሄን ነገር በጣም ነው የማከብረው፣ ምክንያቱም ጠብመንጃ ሳያነሱ ፊርማ እያሰባሰቡ 13 ዓመት ያለማቋረጥ «እኛ የታይዋን ሰዎች» ብሎ መጻፍ ራሱ ሰውን ይሰራል። ከ1937 በኋላ ደግሞ ጃፓን ስማችሁን ወደ ጃፓንኛ ቀይሩ፣ የኛን አምልኮ አምልኩ ማለት ጀመረች፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 200 ሺህ ገደማ የደሴቷ ልጆች ለጃፓን አገለገሉ፣ 30 ሺህ ያህሉ አልተመለሱም።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። በ1945 ጃፓን ስትሸነፍ የቺያንግ ካይሼክ የቻይና መንግስት ደሴቷን ተረከበ፣ ሰዉም ባንዲራ ይዞ ወጥቶ «ወደ እናት ሀገራችን ተመለስን» ብሎ ነው የተቀበለው። ይሄ እንዳይረሳ፣ ያኔ ከቻይና ጋር ጠብ የሚፈልግ አልነበረም። ግን አዲሱ ገዢ ቼን ዪ ከሰዎቹ ጋር መጥቶ ሹመቱን ሁሉ ከውጭ ለመጡት ሰጠ፣ ፋብሪካውን ጠቀለለ፣ የደሴቷ ሩዝና ስኳር በዋናው ምድር፣ ማለትም በቻይና፣ ከኮሚኒስቶች ጋር ወደሚካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ተጫነ፣ ሩዝ አምራች የሆነች ደሴት ሩዝ አጣች። የዋጋ ንረቱ ምን ያህል እንደነበር ለማወቅ፣ በ1949 ገንዘቡ ሲቀየር 40,000 አሮጌው በ1 አዲስ ነው የተመነዘረው።

በየካቲት 27 ቀን 1947 ማታ የደሴቷ ዋና ከተማ ታይፔ ውስጥ ሊን ቺያንግማይ የምትባል ባሏ የሞተባት እናት መንገድ ዳር ሲጋራ ትሸጥ ነበር። ሲጋራ መሸጥ የመንግስት ሞኖፖል ስለነበር ተቆጣጣሪዎቹ መጥተው ሲጋራውንም ገንዘቧንም ወሰዱባት። ገንዘቤን እንኳን መልሱልኝ ብላ ተንበርክካ ስትለምን አንዱ በሽጉጡ ሰደፍ ጭንቅላቷን መታት፣ ደሟ ፈሰሰ። ሰዉ ተሰብስቦ ሲጮህባቸው እየሸሹ ተኮሱ፣ እዛው ቆሞ የሚያይ አንድ ሰው መቱ፣ ሞተ። በማግስቱ ሰልፍ ወጣ፣ የገዢው መስሪያ ቤት ፊት ለፊት ጠባቂዎቹ በሰልፈኛው ላይ ተኮሱበት። ወጣቶቹ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ገብተው የሆነውን ለመላው ደሴት አሰሙ፣ በየከተማው አመፅ ተነሳ። ያልሆነ ነገርም ተደርጓል፣ ይሄንንም መናገር ያስፈልጋል፣ ከዋናው ምድር የመጣ ሰው መንገድ ላይ እየተያዘ ጃፓንኛ ወይም የደሴቷን ቋንቋ ካልተናገረ ይደበደብ ነበር፣ የተገደሉም አሉ። ቼን ዪ በአንድ በኩል ከሽማግሌዎች ጋር እየተደራደረ በሌላ በኩል ጦር ላኩልኝ አለ፣ ጦሩ በመጋቢት 8 ኪሉንግ ወደብ ላይ ወረደና ግድያው ተጀመረ። በ1992 መንግስት ራሱ ያስጠናው ሪፖርት የሟቾቹን ቁጥር ከ18 ሺህ እስከ 28 ሺህ ይገምተዋል።

አንድ ሰው ብቻ ላንሳልህ። ሰዓሊ ቼን ቼንግፖ በጃፓን ጊዜ ስዕሉ ቶኪዮ በትልቁ የንጉሠ ነገሥቱ ኤግዚቢሽን የታየለት፣ ሻንጋይ ሄዶ ያስተማረ፣ ቻይናን የሚወድ፣ መንግስቱ ሲመጣም ደስ ብሎት የተቀበለ ሰው ነበር። በጂያዪ ከተማ ውጊያው ሲበረታ የነሱን ቋንቋ ስለሚችል ሽማግሌ ሆኖ ወደ ወታደሮቹ ተላከ። ያዙት፣ መጋቢት 25 ቀን ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ህዝብ እያየ በጥይት ገደሉት። ሚስቱ በድብቅ ፎቶ አንሺ ጠርታ አስከሬኑን አስነሳች፣ ፎቶውን ለአስርት ዓመታት ደበቀችው። ወንድሜ፣ ታይዋናዊነት ከየት መጣ ብለህ ከጠየቅከኝ እኔ ይሄን ፎቶ ነው የማሳይህ። የሞተው ቻይናን የጠላ ሰው አይደለም፣ ያመናት ነው።

ከዛ በኋላ በ1949 ቺያንግ ካይሼክ በኮሚኒስቶቹ ተሸንፎ መንግስቱን ይዞ ወደ ደሴቷ ገባ፣ በግንቦት 20 ቀን ሥራ ላይ የዋለው ወታደራዊ አዋጅ እስከ ሐምሌ 15 ቀን 1987 ድረስ 38 ዓመት ቆየ። ስለ 1947 ማውራት ክልክል ነው፣ ቤት ውስጥ ልጅህ ሰምቶ ትምህርት ቤት ቢያወራ አንተ ትታሰራለህ። ልጆቹ የእናታቸውን ቋንቋ ክፍል ውስጥ ከተናገሩ አንገታቸው ላይ ማሸማቀቂያ ሰሌዳ ይንጠለጠልባቸዋል፣ ወይም ይቀጣሉ፣ ሰሌዳውን የያዘው ልጅ የሚገላገለው ሌላ ተናጋሪ ጓደኛውን ሲያስይዝ ነው። የሚማሩት የዋናውን ቻይና ወንዝና ተራራ ነው፣ ደጃፋቸው ያለውን ወንዝ አይደለም። ፓርላማው ደግሞ ከ1947 እና 1948 ጀምሮ በዋናው ምድር የተመረጡ ሰዎች ናቸው፣ «ቻይናን እስክናስመልስ» ተብሎ እስከ 1991 ድረስ ወንበራቸው ላይ አረጁ። እና የደሴቷ ሰው የራሱ ሀገር ውስጥ እንግዳ ሆነ፣ ይሄ ነው እልሁን ያጠራቀመው።

አሜሪካ የሚለውን ልመልስ። አሜሪካ ቺያንግን በጦርና በብር ደግፋለች፣ እውነት ነው፣ ግን የደገፈችው «ቻይና እኔ ነኝ» የሚለውን መንግስት ነበር፣ ታይዋናዊ ነን የሚሉትን እስር ቤት የሚያጉረውን። እንደውም ማንነቱን ወደፊት የገፋው አሜሪካ ጥላቸው መሄዷ ነው፣ በጥቅምት 1971 ከተባበሩት መንግስታት ወጡ፣ በጥር 1979 ዋሽንግተን ለቤጂንግ እውቅና ሰጠች፣ ያኔ «መላው ቻይና እኛ ነን» የሚለው ወሬ ለቤት ልጅም አላሳምን አለ። በታህሳስ 1979 ካኦሹንግ ከተማ ውስጥ የሰብዓዊ መብት ሰልፍ ተበተነ፣ መሪዎቹ ተያዙ፣ ተከሳሾቹም ጠበቆቻቸውም በኋላ የተቃዋሚው መሪዎች ሆኑ። በመስከረም 1986 ዴሞክራቲክ ፕሮግረሲቭ ፓርቲን በህግ ሳይፈቀድ መሰረቱት። ሊ ዴንግሁይ በ1988 የመጀመሪያው ደሴቷ ላይ የተወለደ ፕሬዚዳንት ሆነ፣ በ1995 ስለ 1947ቱ ግድያ በመንግስት ስም ይቅርታ ጠየቀ፣ በመጋቢት 1996 ህዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ መረጠ። ቤጂንግ ሰዉን ለማስፈራራት በኪሉንግና በካኦሹንግ አቅጣጫ ባህሩ ላይ ሚሳኤል ተኮሰች፣ ሊ በ54 በመቶ አሸነፈ። ሚሳኤል እያየህ ተሰልፈህ ድምፅ ከሰጠህ በኋላ ማን እንደሆንክ ሌላ ሰው ሊነግርህ አይችልም።

ቁጥሩም ያሳያል። የጄንግጂ ዩኒቨርሲቲ ከ1992 ጀምሮ በየዓመቱ ሰዉን ይጠይቃል። በ1992 «ታይዋናዊ ብቻ ነኝ» ያለው 18 በመቶ ገደማ ነበር፣ «ቻይናዊ ብቻ ነኝ» ያለው 25 በመቶ ገደማ፣ ግማሽ የሚጠጋው «ሁለቱንም» ነው ያለው። በ2020 ታይዋናዊ ብቻ ያለው ከ60 በመቶ በላይ ሆነ፣ ቻይናዊ ብቻ ያለው 3 በመቶ አይሞላም።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአዘጋጁ። ሂርማታ የምኖር ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። በ1949 ከቺያንግ ጋር የመጡት ቻይናውያንና ልጆቻቸውስ የት ገቡ? ተገፉ ወይስ ተዋሃዱ?

መልስ፦ ጋሼ፣ እርስዎ የጠየቁት ብዙ ሰው የሚዘለውን ነው። የመጡት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው፣ ከነሱ ውስጥ ባለስልጣኑ ጥቂት ነው፣ አብዛኛው ከመንደሩ ተጎትቶ የመጣ ምስኪን ወታደር ነበር። በጥቂት ዓመት እንመለሳለን ተብለው ለጊዜው በተሰሩ ቤቶች ውስጥ ሰፈሩ፣ እናት አባታቸውን፣ አንዳንዶቹም ሚስትና ልጅ እዛው ትተው፣ ደብዳቤ መጻፍ እንኳ ተከልክለው። በ1987 ያረጁት ወታደሮች ደረቱ ላይ «ቤቴ ናፈቀኝ» የሚል የተጻፈበት ሸሚዝ ለብሰው አደባባይ ወጡ፣ በዛው ዓመት መጨረሻ ዘመድ ለመጠየቅ እንዲሄዱ ተፈቀደ። ሄደው ግን እናታቸው ሞታለች፣ መንደሩ ተቀይሯል፣ ዘመዶቻቸው ደግሞ ከታይዋን የመጣ እንግዳ ብለው ነው የተቀበሏቸው።

ደግሞም ጨቋኙ ሁሉ ከውጭ የመጣ፣ ተጨቋኙ ሁሉ የደሴቷ ልጅ አልነበረም። ሌይ ጄን ከዋናው ምድር የመጣ፣ የገዢው ፓርቲ ሰው የነበረ የመጽሔት አሳታሚ ነው፣ በ1960 ከደሴቷ ፖለቲከኞች ጋር ሆኖ ተቃዋሚ ፓርቲ ላቋቁም ሲል 10 ዓመት ተፈረደበት። በስለላና በኮሚኒስትነት ስም ከተገደሉት ውስጥም ከዋናው ምድር የመጡት ብዙ ናቸው። የልጆቻቸው ትውልድ እዛው ተወለደ፣ እዛው አገባ። በ1998 ማ ዪንግጆው፣ ሆንግ ኮንግ የተወለደ ሰው፣ የታይፔ ከንቲባ ለመሆን ሲወዳደር ሊ ዴንግሁይ መድረክ ላይ አቁሞ ከየት ነህ ሲለው አዲስ ታይዋናዊ ነኝ ብሎ መለሰ፣ አሸነፈም። ያው የምርጫ ስልት ነበር፣ ግን በሩን ከፈተው፣ ከዛ ወዲህ ማንነቱ አያትህ መቼ መጣ የሚለውን እየተወ ነው የሄደው። ይልቅ የዘገየው የቀደምቶቹ ነዋሪዎች ጉዳይ ነው፣ ለነሱ ፕሬዚዳንት ጻይ ኢንግዌን በመንግስት ስም ይቅርታ የጠየቀችው በነሐሴ 1 ቀን 2016 ነው፣ በኔ እይታ በጣም የዘገየ ይቅርታ ነው፣ የመሬቱም ጥያቄ ገና አላለቀም።

ጥያቄ፦ አትሌቲክስ በጣም እወዳለሁ፣ ኦሎምፒክ ላይ «ቻይኒዝ ታይፔ» የሚባለው ቡድን የማነው?
ከአጂፕ ሰፈር

መልስ፦ የታይዋን ነው እህቴ። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ባሸነፈበት በ1960ው የሮም ኦሎምፒክ እነሱ «ፎርሞሳ» በሚል ስም እንዲሰለፉ ተገደዱ፣ በመክፈቻው ሰልፍ ላይ ከፊት የነበረው ሰው «በተቃውሞ» የሚል ጽሑፍ ይዞ ነው የገባው፣ መንግስታቸው ያኔ የሚፈልገው «ቻይና» ተብሎ መጠራት ነበርና። በዛው ውድድር ያንግ ቹዋንኩዋንግ በዲካትሎን፣ አስር ውድድር አንድ ላይ በሚደመርበት ስፖርት፣ ብር አገኘ፣ የደሴቷ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ፣ እሱ ራሱ ከቀደምቶቹ ብሄረሰቦች ከአሚስ ነው። አሁን ያለው ስም የመጣው በ1981 ሎዛን ላይ በተደረገ ስምምነት ነው። በ2018 «ታይዋን» በሚል ስም እንወዳደር ወይ ተብሎ ህዝበ ውሳኔ ተደርጎ ነበር፣ 45 በመቶ ብቻ ደገፈውና ወደቀ፣ አትሌቶቹ ራሳቸው ከውድድር እንታገዳለን ብለው ፈርተው ነበር።

ጥያቄ፦ ታዲያ ይሄን ያህል ታይዋናዊ ነን ካሉ ለምን ነፃነታቸውን አያውጁም?
የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ

መልስ፦ የመጀመሪያው ምክንያት ግልፅ ነው፣ ቤጂንግ በ2005 ባወጣችው ህግ ይሄን ካደረጋችሁ ኃይል እጠቀማለሁ ብላ ጽፋለች። ሁለተኛው ግን ብዙም የማይወራ ነው፣ ታይዋናዊ ነኝ ማለትና ነፃነት ዛሬውኑ ይታወጅ ማለት ለነሱ አንድ አይደለም። ከላይ ባነሳሁት የጄንግጂ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ላይ አብዛኛው ሰው የሚመርጠው አሁን ያለው ሁኔታ እንዲቀጥል ነው፣ የሚመርጡት መንግስት አላቸው፣ ጦር አላቸው፣ ገንዘብ አላቸው፣ የሀገሩ ህጋዊ ስም እስከዛሬ «የቻይና ሪፐብሊክ» ነው፣ በ2021 በወጣው ፓስፖርት ላይ ግን ታይዋን የሚለው ጎልቶ ያ ስም ደግሞ አንሶ ተጻፈ። ኢትዮጵያ ከ1970 ጀምሮ ግንኙነቷ ከቤጂንግ ጋር ነው፣ በአፍሪካ ለታይፔ እውቅና የምትሰጠው ኢስዋቲኒ ብቻ ናት።

ወጣቶቹ ዝም ብለዋል ማለት አይደለም። በመጋቢት 2014 ከቻይና ጋር የተፈረመ የአገልግሎት ንግድ ስምምነት በቂ ምርመራ ሳይደረግበት ሊያልፍ ነው ብለው ተማሪዎች ፓርላማውን ሰብረው ገቡ፣ ከሶስት ሳምንት በላይ ውስጡ አደሩ፣ ስምምነቱም ቆመ። በምርጫም ቢሆን ለአንድ ፓርቲ ጨርሰው አይሰጡም፣ በጥር 2024 ፕሬዚዳንትነቱን የዴሞክራቲክ ፕሮግረሲቭ ፓርቲ እጩ ለነበረው ለላይ ቺንግተ ሰጡትና ፓርላማው ላይ ግን ፓርቲው የነበረውን አብላጫ ነጠቁት።